የምርምር ድጋፍ ድርድር

የምርምር ድጋፍ ድርድር (በዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው አጠራር የግራንት ድርድር) አንድ የምርምር ዕቅድ በውድድር ከተመረጠ በኋላ፣ የገንዘብ ድጋፉ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚካሄድ ውይይት ነው። በውይይቱ ገንዘቡን የሚሰጠው የመንግሥት ተቋምና ምርምሩን የሚያካሂዱት ተቋማት በሥራው ዝርዝር፣ በበጀቱ፣ በክፍያው ጊዜ፣ በውጤቱ ባለቤትነትና በእያንዳንዱ ወገን ኃላፊነት ላይ ይስማማሉ። ገንዘቡ ከግብር ከፋዩ ሕዝብ የሚመጣ ስለሆነ ድርድሩ እንደ ገበያ ክርክር በዋጋ ብቻ አያልቅም። እያንዳንዱ ወጪ በሕግና በኦዲተር ፊት መቆም መቻል አለበት።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት በአውሮፓ ኅብረት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በስዊዘርላንድና በሌሎች አገሮች የሕዝብ ገንዘብ በሚካሄዱ ጥናቶች ይሳተፋሉ። ይህ መጣጥፍ ድርድሩ እንዴት እንደሚካሄድ፣ የኢትዮጵያ ተቋም ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት፣ እንዲሁም በዝግጅት ጉድለት ምን ሊታጣ እንደሚችል ያብራራል። «እ.ኤ.አ.» የተባሉት ዓመታት በአውሮፓ፣ «ዓ.ም.» የተባሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ድርድሮች

በተግባር ሁለት ድርድሮች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። የመጀመሪያው በገንዘብ ሰጪውና በአስተባባሪው ተቋም መካከል ነው። አስተባባሪው በጥናቱ የሚሳተፉትን ተቋማት በሙሉ ወክሎ ይነጋገራል። የዚህ ድርድር ውጤት ዋናው የድጋፍ ውል ነው።

ሁለተኛው ድርድር በተሳታፊ ተቋማቱ መካከል የሚደረገው ነው። ይህ የሚያበቃው በኅብረት ስምምነት ወይም፣ በአሜሪካ አሠራር፣ በንዑስ ድጋፍ ውል ነው። ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ጽሑፍ ሲታተም የማን ስም እንደሚገባ፣ አለመግባባት ሲፈጠር በየት አገር ሕግ እንደሚዳኝ የሚወሰነው እዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ተቋማት ብዙውን ጊዜ አባል እንጂ አስተባባሪ አይደሉም። ስለዚህ ከብራስልስ ወይም ከዋሽንግተን ጋር በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ትልቁ ድርድራቸው ከአስተባባሪው ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያደርጉት ሁለተኛው ድርድር ነው። ብዙ ጊዜ የዘመናት ጓደኝነት ባለበት ግንኙነት ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑ በቃል ብቻ ሊታለፍ ይችላል። በቃል የታለፈው ነገር ግን ሰዎቹ ሲቀየሩ ማስረጃ አይኖረውም።

ታሪክ

«ድርድር» የሚለው ስም ጎልቶ የታወቀው በአውሮፓ ኅብረት ሰባተኛው የምርምር ማዕቀፍ (እ.ኤ.አ. 2007–2013) ነው። በዚያ ሥርዓት አንድ ዕቅድ በገምጋሚዎች ከተመረጠ በኋላ የኮሚሽኑ ባለሙያ አስተባባሪውን ለድርድር ይጋብዝ ነበር። ተሳታፊዎቹ የድጋፍ ዝግጅት ቅጾችን ይሞላሉ፤ ማመልከቻውንም የገምጋሚዎቹን አስተያየት እየተከተሉ ወደ ዝርዝር የሥራ መግለጫ ይቀይሩታል። ይህ መግለጫ የውሉ የመጀመሪያ አባሪ ሆኖ ሕጋዊ ኃይል ያገኛል።

በዚያ ዘመን ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች የሚሳተፉ ተቋማት አንድ ልዩ ምርጫ ነበራቸው። የእያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ እያቀረቡ ማስመለስ ወይም ለአንድ ተመራማሪ በዓመት 8,000 ዩሮ በሚል ጥቅል ሒሳብ መሥራት ይችሉ ነበር። ጥቅሉ የወረቀት ሥራን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከደመወዝ ጀምሮ እስከ መሣሪያና ጉዞ ያለውን ሁሉ በውስጡ ይይዛል። የቤተ ሙከራ ኬሚካል ለሚበዛበት ጥናት ጥቅሉ አይበቃም፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ለተመሠረተ ጥናት ግን ሊበቃ ይችላል። የትኛው እንደሚሻል ማወቅ የሚችለው ትክክለኛ ወጪውን አስቀድሞ ያሰላ ተቋም ብቻ ነበር።

በቀጣዩ ማዕቀፍ፣ በሆራይዘን 2020 (እ.ኤ.አ. 2014–2020)፣ ኮሚሽኑ ድርድሩን በእጅጉ አሳጠረው። ማመልከቻው እንዳለ ይገመገማል፤ ከተመረጠም በመሠረቱ ሳይለወጥ ወደ ውል ይገባል። ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን እስከ ፊርማ ያለው ጊዜ በ8 ወር ተወሰነ፤ 5 ወር ለግምገማ ውጤት፣ 3 ወር ለውል ዝግጅት። ይህ ለውጥ ጊዜ ቢያተርፍም የዝግጅቱን ሰዓት ወደፊት አምጥቶታል። በማመልከቻው ላይ ያልተጻፈ በጀት በ3 ወሩ ውስጥ አይጨመርም። አሁን የሚሠራበት ሆራይዘን ዩሮፕም (እ.ኤ.አ. 2021–2027) በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አሠራር የተለየ ነው። ማመልከቻው ጥሩ ነጥብ ካገኘ በኋላ ተቋሙ የሥነ ምግባር ፈቃድንና የተመራማሪዎቹን ሌላ የገንዘብ ምንጭ የመሳሰሉ ማስረጃዎችን ይጠይቃል፤ በጀቱንም ሊቀንስ ይችላል። የመጨረሻው ሰነድ ተቋሙ የሚልከው የድጋፍ ማስታወቂያ ነው።

ተቋሙ በውሉ ውስጥ የሚይዘው ስም

በዝግጅቱ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት ብር እናገኛለን?» ሳይሆን «በውሉ ውስጥ ማን ተብለን ነው የምንገባው?» የሚለው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት አንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ተዋዋይ ወይም ንዑስ ተቋራጭ ሊሆን ይችላል። በመስክ የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ሊሆን ቢችልም ሕጋዊ ውጤቱ በጣም ይለያያል።

ሙሉ ተዋዋይ የሆነ ተቋም ራሱ ያፈራው ውጤት ባለቤት ይሆናል። በቀጥታ ወጪው ላይም 25 በመቶ የተዘዋዋሪ ወጪ (ኦቨርሄድ) ይታሰብለታል፤ ይኸውም ለመብራት፣ ለኢንተርኔት፣ ለሒሳብ ክፍልና ለመሳሰለው የሚሆን ነው። በኅብረቱ ስብሰባዎች ድምፅ አለው። በአንጻሩ ሪፖርት የማቅረብና ኦዲት የመደረግ ግዴታ አለበት።

ንዑስ ተቋራጭ ግን አገልግሎት ሻጭ ነው። ዋጋውን ተቀብሎ ሥራውን ያስረክባል። በጋራ ስብሰባ ድምፅ የለውም፤ የሰበሰበው መረጃም ለቀጠረው ተቋም ነው። አስተባባሪ ተቋም ለሥራ ቅልጥፍና ሲል ንዑስ ተቋራጭነትን ሊያቀርብ ይችላል። የናሙና ትንተና በክፍያ ለሚሠራ ቤተ ሙከራ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል። የጥናቱን ሐሳብ፣ ቦታና ሕዝብ ለሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ ግን መብቱን በክፍያ መለወጥ ማለት ነው።

የዝግጅት ነጥቦች

በጀት

በጀት የሚዘጋጀው ከሥራው ወደ ገንዘቡ እንጂ ከገንዘቡ ወደ ሥራው አይደለም። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ተግባር ይዘረዘራል፤ ከዚያ ስንት ሰው ለስንት ቀን እንደሚያስፈልግ ይቆጠራል፤ በመጨረሻ ዋጋ ይደረግበታል። በድርድር ጊዜ «ይህን 15 በመቶ ቀንሱ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ በዚህ መንገድ የሠራ ተቋም የትኛው ተግባር እንደሚቀር ማሳየት ይችላል። ድምሩን ብቻ የያዘ ተቋም ግን ሥራው እንዳለ ሆኖ ገንዘቡ ይቀነስበታል።

በኢትዮጵያ በጀቶች ላይ በቀላሉ የሚረሱ ወጪዎች አሉ። ተመላሽ የማይሆን ከሆነ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ላይ መታሰብ አለበት። የመሣሪያ ማስመጫ፣ የጉምሩክና የመጋዘን ወጪም እንዲሁ። ውሎ አበል በተቋሙ መመሪያ መሠረት መሆን አለበት፤ ከመመሪያው ውጭ የተከፈለ አበል በኦዲት ውድቅ ሊሆንና ተቋሙ ከራሱ ኪስ ሊመልሰው ይችላል። በደመወዝ ላይ የሚጨመር ክፍያም በተቋሙ የጸደቀ መመሪያ ከሌለው ተመሳሳይ ችግር ያመጣል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የፌዴራል መንግሥቱን የግዥ ሕግ ስለሚከተሉ፣ በጨረታ የሚገዛ መሣሪያ የሚወስደው ጊዜ በሥራ ዕቅዱ ላይ መታየት አለበት። መሣሪያው በ12ኛው ወር ከደረሰ በ3ኛው ወር ይጀመራል የተባለው ልኬት አይጀመርም።

የተዘዋዋሪ ወጪ መጠን በገንዘብ ሰጪው ይለያያል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ለውጭ አገር ተቋማት የሚፈቅደው 8 በመቶ ብቻ ነው፤ ከመሣሪያ በስተቀር 50,000 ዶላር ቀጥታ ወጪ ላለው ሥራ 4,000 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት ለጥናቱ ብቻ የሚውል ኢንተርኔት፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ጄኔሬተር በተዘዋዋሪ ወጪ ይሸፈናል ብሎ ከመተው፣ ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ በቀጥታ ወጪ መጻፍ ይሻላል።

ምንዛሪና የክፍያ ጊዜ

ውሉ በየትኛው ገንዘብ እንደሚጻፍ ትልቅ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ንዑስ ውሉ በብር የተቆረጠ ተቋም ከውጭ የሚያስመጣው ኬሚካል ዋጋ በእጥፍ ገደማ ሲያድግበት፣ በዶላር ወይም በዩሮ የተዋዋለው ግን ይህ አልገጠመውም። የወጪ ሪፖርት በየትኛው ቀን ተመን እንደሚመነዘርም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

የክፍያው ጊዜም ከመጠኑ ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። በሰባተኛው ማዕቀፍና በሆራይዘን 2020 ደንብ ከመጨረሻው ሪፖርት በፊት የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ከ90 በመቶ አይበልጥም፤ ከቅድመ ክፍያው ላይ ደግሞ 5 በመቶ ለዋስትና ፈንድ ይያዛል። ስለዚህ የ100,000 ዩሮ ድርሻ ያለው ተቋም የመጨረሻው ሪፖርት እስኪጸድቅ ድረስ በእጁ ሊገባ የሚችለው ቢበዛ 85,000 ዩሮ ነው። ቀሪውን 15,000 ዩሮ ሥራው ላይ ማን ያውለዋል? ዩኒቨርሲቲው ከራሱ በጀት ማበደር ካልቻለ፣ አስተባባሪው ቅድመ ክፍያውን ከፍ እንዲያደርግለት በኅብረት ስምምነቱ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።

ናሙናና ዘረመል

የደም፣ የአፈር ወይም የዘር ናሙና ከአገር ሲወጣ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል። ስምምነቱ ናሙናው ለምን እንደሚውል፣ ለሦስተኛ ወገን ይተላለፍ እንደሆነ፣ የተረፈው እንደሚመለስ ወይም እንደሚወገድ ይገልጻል። ለእጽዋትና ለእንስሳት ዘረመል የሚሠራው ሕግ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን እንዲሁም የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። በዚህ አዋጅ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ተመራማሪው ብቻውን ተስማምቶ ዘር ሊልክ አይችልም። ፈቃዱ የሚወስደው ጊዜ በሥራ ዕቅዱ ላይ መቀመጥ አለበት።

መረጃ

መረጃን በሚመለከት ከፊርማ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ሰርቨሩ የት ነው ያለው? የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በማን እጅ ነው? የኢትዮጵያው ተቋም ሙሉ ቅጂ መቼ ይደርሰዋል፤ በየሳምንቱ ነው ወይስ ጥናቱ ሲያልቅ? መረጃው በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጣል? ትንተናው የተሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አብሮ ይሰጣል? ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሰርቨሩን ኪራይ ማን ይከፍላል?

የግለሰቦች መረጃ ካለበት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። አዋጁ የግል መረጃን ከአገር ለማውጣት ቅድመ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። በሌላ በኩል ገንዘብ ሰጪዎች መረጃ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከጃንዋሪ 25 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመረጃ አያያዝና ማጋሪያ ዕቅድ ግዴታ አድርጓል። ሁለቱ እንዲጣጣሙ ስም፣ ስልክና የቤት አቀማመጥ የሚያሳይ መረጃ በአገር ውስጥ ተጠብቆ፣ ማንነት የማይገልጸው ክፍል ብቻ እንዲጋራ መስማማት ይቻላል።

የሥነ ምግባር ፈቃድ

ሰውን የሚመለከት ጥናት ከተቋሙ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ፣ እንደ ዓይነቱም ከብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቃድ ይፈልጋል። የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና ለተሳታፊዎች መድን ይጨመራል። ገንዘብ ሰጪው ያለ ፈቃዱ የመስክ ሥራን አይፈቅድም። ስለዚህ ማመልከቻውን ለቦርዱ ማስገባት ያለበት ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሳይሆን በድርድሩ ወራት ነው።

ምሳሌ፦ ጥናቱ አርብ ገበያ ላይ ቢሆን

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር ዞን የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ ድርቅና የመሬት መጎሳቆል ያጠቃቸው ወረዳዎች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት የአፈር መሸርሸር፣ የምግብ ዋስትናና የውኃ ጥናት የሚያስፈልግበት አካባቢ ነው። ቀጥሎ ያለው የተፈጸመ ታሪክ ሳይሆን ለማብራሪያ የቀረበ ምሳሌ ነው።

አንድ የ36 ወር የአፈር መሸርሸር ጥናት በታች ጋይንት ሊካሄድ ታስቦ ነበር እንበል። መጀመሪያ መደራደር ያለበት ነገር የመጀመሪያው ቀን ነው። አፈር የሚሸረሸረው በክረምት ነው። ፕሮጀክቱ በመስከረም ቢጀምር የመጀመሪያውን ዝናብ ለማግኘት ዘጠኝ ወር ገደማ ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ክረምት ሲያልቅ ውሉም አብሮ ያልቃል፣ ለትንተና ጊዜ አይተርፍም። በጥር ቢጀምር ግን ከጥር እስከ ግንቦት መለኪያዎች ይተከላሉ፤ ሦስት ሙሉ ክረምት ይለካል፤ ከሦስተኛው ክረምት በኋላም ለትንተናና ለሪፖርት ሦስት ወር ያህል ይቀራል። የገንዘቡ መጠን አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ቀን ብቻ የጥናቱን ጥራት ይለውጣል። ይህን ደግሞ ከአስተባባሪው አገር ሆኖ ማወቅ አይቻልም። የአካባቢውን ወቅት የሚያውቀው ወገን መናገር አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰው ነው። ልኬቱ በጣም የሚያስፈልገው መንገዱ በጭቃ በሚከፋበት ወቅት ነው። ከከተማ በየሳምንቱ መኪና እንዲመላለስ የተያዘ በጀት በሐምሌ አይሠራም። ይልቅ በየቀበሌው የሚኖሩ፣ የተማሩ መዝጋቢዎችን በወር ደመወዝ መቅጠር ይሻላል። ይህ አሠራር በክልሉ የቆየ ነው፤ በስዊዘርላንድ መንግሥት ድጋፍ ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድና በጎጃም አንጀኒ ጣቢያዎችን አቋቁሞ የዝናብና የአፈር ልኬት ለረጅም ዓመታት አስመዝግቧል። ለድርድሩ የሚያስፈልገው የመዝጋቢዎቹ ቅጥር በተቋሙ የሰው ኃይል ደንብ የተፈቀደ መሆኑን ማረጋገጥና የክፍያ ማስረጃው እንዴት እንደሚያዝ መጻፍ ነው።

ሦስተኛው የሰዎች ጊዜ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከአርብ ገበያዋ ነው። ገበያ በሚቆምበት ቀን ቤት ለቤት ቃለ መጠይቅ ማድረግ ባዶ ቤት ማንኳኳት ይሆናል። በአንጻሩ ገበሬው ሞፈር በማያነሳባቸው የወሩ በዓላት፣ ለምሳሌ በ12 ሚካኤልና በ21 ማርያም፣ ሰው ቤቱ ወይም ደብሩ አካባቢ ይገኛል። የመስክ ቀን ቁጥር በጀት ላይ ሲጻፍ ይህ ካልታሰበ በ20 ቀን ይጠናቀቃል የተባለው ቆጠራ 35 ቀን ሊፈጅ ይችላል። የ15 ቀኑን አበል ማንም አይከፍልም።

አራተኛው መሣሪያ ነው። በታብሌት የሚሰበሰብ መረጃ ያለ ኔትወርክ ተቀምጦ በኋላ የሚላክ መሆን አለበት፤ ኦዲኬን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይህን ያደርጋሉ። የመብራት መቆራረጥ ስላለ ተጨማሪ ባትሪ ወይም የፀሐይ ኃይል መሙያ በበጀቱ ይገባል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ያልተጻፈ ከሆነ ግን ለመግዛት የበጀት ዝውውር ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ምሳሌዎች

የጤፍ ስምምነት

የምርምር ድጋፍ ውል ባይሆንም፣ ያልተሟላ ስምምነት ምን እንደሚያስከትል በኢትዮጵያ በጣም የታወቀው ምሳሌ የጤፍ ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የያኔው የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዘሮችን እንዲጠቀም፣ ኢትዮጵያም ከትርፉ እንድትካፈል ታስቦ ነበር። ስምምነቱ በወቅቱ በዓለም ላይ ለጥቅም መጋራት አርአያ ተደርጎ ተወድሷል።

ነገር ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ሰፊ ፓተንት ጸደቀ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ከኪሳራው ውጭ በሌሎች እጅ ቀረ። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ብቻ ነበር። በኔዘርላንድስ ፓተንቱ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ሲወስን ነው፤ ያውም ክርክሩ በሁለት የአውሮፓ ኩባንያዎች መካከል የተካሄደ እንጂ ኢትዮጵያ የከሰሰችበት አልነበረም።

ለተደራዳሪ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ትርፍ መካፈል የሚለው ሐረግ ትርፍ ከሌለ ዋጋ የለውም። የተዋዋዩ ወገን ቢከስር፣ ቢሸጥ ወይም ስሙን ቢቀይር ግዴታው ለማን እንደሚተላለፍ መጻፍ አለበት። ከውሉ በፊት የቀረበ የፓተንት ማመልከቻ መኖሩም አስቀድሞ መጣራት አለበት።

የጎንቻ የትራኮማ ጥናት

ከእስቴና ከስማዳ በስተደቡብ፣ ከዓባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም ገንዘብ ትልቅ የትራኮማ ጥናት ተካሂዷል። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በ6 ቡድን 12 12 ሆነው ተመደቡ። ጥናቱ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት በተለያየ የጊዜ ልዩነት መስጠት ምን ውጤት እንዳለው የሚለካ ነበር፤ ለንጽጽር የቆየው ቡድን ሕክምናውን ከአንድ ዓመት በኋላ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ውጤት ሕክምናው በተሰጠባቸው አካባቢዎች የሕፃናት ሞት ዝቅ ማለቱን በማሳየቱ፣ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለተካሄዱ ትላልቅ ጥናቶች መነሻ ሆነ።

መድኃኒቱ የተገኘው ከምርምር ገንዘቡ ሳይሆን ከአምራቹ ከፋይዘር ልገሳ ነው። እንዲህ ያለ ከበጀቱ ውጭ የሚመጣ ነገር ሲኖር መጠኑ፣ የሚደርስበት ቀንና ቢቀር ማን እንደሚተካው በደብዳቤ ተረጋግጦ ከውሉ ጋር መያያዝ ይገባዋል። ለንጽጽር የሚቆየው ሕዝብ መቼና በማን ወጪ እንደሚታከምም ከፊርማ በፊት የሚወሰን እንጂ ለበኋላ የሚተው አይደለም።

የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች

በደቡብ ጎንደር ዞን ከአንድ ሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። በእነዚህ ደኖች ላይ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ጭምር ጥናቶች ተካሂደዋል። እዚህ ያለው ልዩ ነገር የጥናቱ ቦታ ጠባቂ ዩኒቨርሲቲም መንግሥትም አለመሆኑ ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ካህናቱና ምእመናኑ ካልፈቀዱ ጥናት አይኖርም። ፈቃዱ በየደብሩ የሚጠየቅ በመሆኑ ለዚያ የሚሆን ጊዜ፣ እንዲሁም ውጤቱን ተመልሶ ለማኅበረሰቡ በአማርኛ ለመንገር የሚያስፈልግ ወጪ በበጀቱ መግባት አለበት።

ከፊርማ በኋላ

የተፈረመ ውልም ሊቋረጥ ይችላል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) የእንግሊዝ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ለመቀነስ በመወሰኑ፣ የአገሪቱ የምርምር ገንዘብ ሰጪ ተቋም ቃል በገባውና በተመደበለት መካከል 120 ሚሊዮን ፓውንድ እንደጎደለ አስታወቀ። በመካሄድ ላይ የነበሩ ጥናቶች በጀታቸው ተቆረጠ ወይም ተዘጉ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ በውጭ አገር ንዑስ ድጋፍ ያለባቸውን ውሎች እንደማይሰጥ ገለጸ።

በአማራ ክልል ሌላም ሥጋት አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግጭትም መንገድና ኢንተርኔትን አቋርጧል። ስለዚህ ተቋሙ ከመፈረሙ በፊት ሦስት አንቀጾችን ማየት ይኖርበታል። አንደኛው ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲፈጠር ሥራው የሚቆምበትና የሚራዘምበት አንቀጽ ነው። ሁለተኛው ውሉ ቢቋረጥ እስከዚያ የወጣው ወጪና የተቀጠሩ ሰዎች የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ሦስተኛው ጥናቱ ቢቆም እስከዚያ የተሰበሰበው መረጃ ለማን እንደሚቀር የሚገልጸው ነው።

ትችትና ማሻሻያ

በድርድሩ ላይ የሚነሳው ዋና ትችት የአቅም አለመመጣጠን ነው። አስተባባሪው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ባለሙያዎች ያሉበት የግራንት ቢሮ ሲኖረው፣ በሌላው ወገን ብዙ ጊዜ አንድ መምህር ከማስተማር ሥራው በተረፈ ጊዜ ውሉን ያነባል። ይህን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በተካሄደ ፕሮጀክት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አካባቢዎች ለሚደረግ ምርምር ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መመሪያ ወጥቷል። መመሪያው የአካባቢው ተመራማሪዎች ከጥናቱ ሐሳብ ጀምሮ እንዲሳተፉና ሀብታም አገር ውስጥ የማይፈቀድ አሠራር በድሃ አገር እንዳይፈጸም ይጠይቃል። ኅብረቱ በምርምር ፕሮግራሞቹ ይጠቀምበታል።

መመሪያ ብቻውን ግን ተደራዳሪን አይተካም። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ተግባራዊ የሚሆነው ዝግጅት ከተመራማሪው በተጨማሪ የሒሳብ ባለሙያ፣ የሕግ አማካሪና መረጃ የሚያስተዳድር ሰው ያለበት ትንሽ ቡድን አስቀድሞ ማቋቋም ነው። ቡድኑ የውሎ አበልና የደመወዝ መመሪያዎችን፣ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ናሙናን፣ የመረጃ አያያዝ ደንብንና የማይቀበላቸውን አንቀጾች ዝርዝር አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። የውል ረቂቅ ሲመጣ መልስ የሚጠበቀው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ እነዚህን ሰነዶች በዚያን ጊዜ ማዘጋጀት የሚጀምር ተቋም ብዙውን ጊዜ የሚፈርመው ሌላው ወገን የጻፈውን ነው።